ንፋስ የፈራ ሱቅ

«በእኛ ጊዜ እኮ ልጄ፣ ሰው የሚሞተው በንፋስ ብቻ ነበር። አትሳቂ! ሞት ራሱ በሩን ገፍቶ ቢገባ ‹ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል› ነበር የምንለው።»

ይህን ያሉኝ ሲስተር ጥሩወርቅ ናቸው፤ ዓመታት አልፈውታል። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ በነርስነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ እኔ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ከቤት የማልወጣ ሴት ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትመጣ ዱካቸውን በረንዳው ላይ ስበው ይቀመጡና ይጫወታሉ፤ እኔ የልጁን ጨርቅ እያጠብኩ እሰማለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ሳቋርጥ የተረፈ ደብተር ነበረኝ፤ ልጁ ሲተኛልኝ እንደተናገሩት እጽፍበት ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለው የእሳቸው አንደበት ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ነሐሴ ነው። ያኔ ቀጭን ነበርኩ። ነበርኩ እኮ! ምን ታዪኛለሽ? ነጭ ጋውኔን ለብሼ በሸማ ተራ ሳልፍ ጋቢ ሻጮቹ «ይቺን ነርስ ነሐሴ ሳይወስዳት ድንጋይ አስይዟት» ይሉኝ ነበር። እና ደግሞ እንዳንቺ ዝምተኛ ነበርኩ። አዎ፣ አንቺን ነው! ምን ታቀረቅሪያለሽ? ጨርቁን እሺው፣ ጆሮሽን ግን ወዲህ በይ። ክሊኒካችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ፣ ቁስል የሚያጥቡ የሚያሽጉ፣ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን የሚከፍተው ጥርስ ሐኪም ብቻ ነው ወይ?» ይሉኝ ነበር። ሳቅ ብዬ ዝም። ሌላ ምን እላለሁ?

ታዲያ ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ፣ ጠቆረ፣ ጠቆረና በረዶ። በረዶ ስልሽ የዛሬውን እንዳይመስልሽ፣ የሎሚ ያህል ነው። የሎሚ አይሆንም? እሺ፣ ቀንሼልሻለሁ፣ የባቄላ ያህል። ከዚያ በታች አልወርድም። ቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ አጠገብሽ ያለው ሰው ሲጮህ አፉን ብቻ ነው የምታዪው። እና ይሄ አሁን ለባቡር ብለው የሚቆፍሩት መንገድ ያኔ በየቦታው ቱቦው በካርቶንና በፌስታል የተደፈነ ነው፣ ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሱቆቹ ዞረ።

ታዲያ ሸማ ተራ ጥግ ላይ ጋሼ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። የሚሸጡት ምንድን ነው መሰለሽ? ዣንጥላ! ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ አበባ ያለው፣ የሕፃን፣ የቄስ፣ ሁሉም ከጣሪያ እስከ መሬት ተሰቅሏል። እና ይኸውልሽ፣ የዣንጥላው ባለቤት ያለ ዣንጥላ በረዶ ውስጥ ቆመዋል። ጎርፉ እንዳይገባባቸው ጆንያ በጆንያ ላይ ይደረድራሉ፣ ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል፣ በረዶው ራሳቸውን ይደበድባቸዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ! ጎረቤታቸው ጋሼ ታደሰ ናቸው፣ ጎጃሜ፣ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ አንድ እስር ጋቢ እንደ ትራስ በብብታቸው ይዘው የሚሄዱ። ከደጃፋቸው ሆነው ይጮሃሉ።

«ከድር! አንተ ከድር! አንዱን ክፈተው እንጂ!»

«የተከፈተ ዣንጥላ ማን ይገዛኛል?»

«እንዲህ የበሰበሰ ነጋዴስ ማን ይገዛል?»

እኔ ደግሞ በዚያ በኩል እየሮጥኩ ነው። ከወደ ላይ ንፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ የአንድ ሰውዬ ግንባር ሰንጥቆ ደሙ አልቆም ብሏል ተብዬ ፋሻ ይዤ ነው የምሮጠው። ታዲያ ጋሼ ታደሰ ያዙኝ።

«ሲስተር! ሲስተር! ይሄን ሰው እዪልን፣ እንደ ሰካራም አደረገው!»

ጋሼ ከድር ከውሃው ወጥተው በሩን ተደግፈዋል። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሊፈቱ ይታገላሉ፣ ጣታቸው አልታዘዝ ብሏል። ምላሳቸው ተሳስሯል። ሰው ቆሞ ያያል፣ አንዱ «ጠጥቷል!» ሲል ጋሼ ታደሰ ተቆጡ፣ «አንተ! ይሄ ሰው እኮ ጠላ ቤት ያለበት መንገድ ላይ አይሄድም!»

«እንዴት ነዎት ጋሼ ከድር?» አልኳቸው።

«ደ... ደኅ... ጆንያው...» አሉኝ።

እና አይንቀጠቀጡም። ይሄን ስሚኝ ልጄ፣ ይሄን ብቻ ስሚና ሌላውን ተይው። ብርድ የመታው ሰው እስከተንቀጠቀጠ ድረስ ገላው እየታገለለት ነው። መንቀጥቀጡን ሲተወው ነው የሚያስፈራው። ሰው ግን «ተመስገን፣ መንቀጥቀጡ ለቀቀው» ይላል። እኔ ይሄን አውቀዋለሁ፣ ተምሬዋለሁ፣ በፈተና ጽፌ ሙሉ አግኝቼበታለሁ። እርጥቡ ልብስ ይውለቅ፣ ገላው ይድረቅ፣ በደረቅ ጋቢ ይጠቅለል፣ ከወለሉ ይነሳ፣ ራሱ መዋጥ ሲችል ሞቅ ያለ ስኳር ያለበት ሻይ ቀስ እያለ፣ አረቄ የለም፣ ማሸት የለም፣ በተዘጋ ቤት ከሰል የለም። ሁሉም በራሴ ውስጥ በተርታ ቆሟል። ከአፌ ግን ምን ወጣ?

«አሙቋቸው።»

አንዲት ቃል! እሷን ጣል አድርጌ ሮጥኩ። ግንባሩ የተሰነጠቀው ሰውዬም ሰው ነው እኮ፣ እሱም ይጠብቀኛል። ግን ያንን ተርታ ቆጥሬላቸው ብሄድ ሰውዬው አይሞትብኝም ነበር።

ታዲያ የሰውዬውን ደም አቁሜ፣ አሽጌ፣ ስመለስ በረዶው ቆሞ ዝናቡ ቀጥሏል። የጋሼ ከድር ሱቅ ተዘግቷል። የላሜራው በር እስከ ታች ወርዷል፣ ከሥሩም ጆንያ ተወሽቋል። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ነርሷ ነኝ።»

«ቶሎ ግቢ! ቶሎ! ንፋስ!»

በሩ ስንዝር ያህል ከፍ አለና አጎንብሼ ሳልጨርስ እጅጌዬን ይዘው እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ጎትተው አስገቡኝ፣ ወዲያው መልሰው ዘጉት፣ ጆንያውንም መልሰው ወሸቁት። እና ቀና ብዬ ባይ ትእዛዜ አንድም ሳይጎድል ተፈጽሟል። አሙቁ ብያለሁ፣ አሙቀዋል! ያቺ ሱቅ እንኳን ለአምስት ሰው ለዣንጥላዎቹም አትበቃ፣ መሐሏ ላይ ሁለት የከሰል ማንደጃ ፍሙ ቀይ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ጋሼ ከድር በሦስት አዲስ ጋቢ ተጠቅልለው ጥግ ተኝተዋል። ባለቤታቸው ዘይነባ ራስጌያቸው ተቀምጣ በካርቶን ቁራጭ ከሰሉን ታራግባለች። ጋሼ ታደሰ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ተቀምጠዋል፣ ንፋስ በግድ ልግባ ቢል ሊታገሉት። ከጎናቸው አንድ ጠርሙስ አረቄ አለ። አራተኛው መሐሪ ነው፣ የምን አለሽ ተራው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ከአሮጌ የዘይት ጣሳ ማንደጃ የሚሠራ። ሁለቱንም ማንደጃ ተሸክሞ በጎርፉ ውስጥ ያመጣው እሱ ነው። እንዴት ያለ ደግ ሰው ሁሉ ነበር መሰለሽ!

«እንዳልሽን አሙቀነዋል!» አሉ ጋሼ ታደሰ። «አረቄውን ግን እንቢ አለ። ‹ሐራም ነው› ብሎ ጥርሱን ነከሰብኝ።»

ጥርሳቸው ይባረክ! ቢነክሱ ነው የተሻለው፣ አረቄ ሙቀት ያመጣ ይመስላል እንጂ ያለውን ነው የሚያስወጣው።

«ፊቱን እዪልኝማ ሲስተር፣» አለች ዘይነባ፣ ደስ ብሏታል፣ «አመድ መስሎ የነበረው አሁን ቀላ። ደሙ ተመለሰ። ቅድም ራሴን አለ፣ ትንሽ አስመለሰው፣ ብርዱ ወጣለት፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። አልሐምዱሊላህ!»

ጠጋ ብዬ አየኋቸው። እውነትም ቀልተዋል፣ እንደ ቲማቲም። «ጋሼ ከድር!» አልኩ። ዝም። ጆሯቸውን ቆነጠጥኩ። ትንሽ አቃሰቱ እንጂ ዓይናቸው አልተገለጠም። ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ጎርፉ ውስጥ የገባ መሰለኝ። እንቅልፍ አይደለም እኮ! ያቺ ሴት ባሏ ዳነልኝ ብላ እያራገበች በገዛ እጇ እየሸኘችው ነው። እና አሙቁ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

«በሩን ክፈቱ፣» አልኩ።

በዚያች በጥንት ድምፄ። ማንም አልሰማኝም።

«በሩን ክፈቱ!»

ሦስቱም በአንድ አፍ፣ «ንፋስ!»

«የከሰሉ ነገር ነው፣ እየመረዛቸው ነው...»

መሐሪ ተነሣ። የሠራው ዕቃ ሲነካበት አይወድም። «ሲስተር፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው። ውጭ ታዛ ሥር አቀጣጥዬ፣ ጭሱን ጨርሼ፣ ፍም ሲሆን ነው ያስገባሁት። ጭስ የት አለ? አሳዪኝ! እስቲ አንድ ጭስ አሳዪኝ!»

እና ልጄ፣ የለም። ምን ላሳየው? የሚታየው ጭስማ ደግ ጎረቤት ነው፣ ያስልሻል፣ ያስለቅስሻል፣ «ተነሽ ውጪ» ይልሻል። ይሄኛው ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ምንም ሳይልሽ አጠገብሽ ይቀመጥና ያስተኛሻል። እንዲህ ብዬ ለማስረዳት አፌን ስከፍት የገዛ ግንባሬ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመረ። አሃ፣ አልኩ በልቤ፣ እኔም ጀመረኝ። እና ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ።

«ጋሼ ታደሰ፣ ራስዎን ያምዎታል?»

«ትንሽ። በረዶው ነዋ።»

«መሐሪ፣ አንተንስ?»

«ይወጋኛል። ታዲያ በዚህ ዝናብ...»

«ዘይነባ?»

«እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሊፈነዳ ነው።»

«ተመልከቱ፣» አልኩ፣ «በረዶው የጣለው ውጭ ነው። ቤት የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ራሱን ምን መታው?»

 አሁን ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። ጋሼ ታደሰ አሰቡ፣ አሰቡ፣ ግንባራቸውን አሹ፣ ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ገባኝ! ንፋሱ ነው! ከበሩ ሥር ክፍተት አለ!»

ብለው አንድ ጋቢ አራት እጥፍ አድርገው በጆንያው ላይ ወሸቁበት! ሳቂ አሁን፣ ሳቂ! እኔ ያን ዕለት አልሳቅሁም።

ንግግር እንዳላዋጣኝ ሳይ የጋውኔን ጫፍ እጄ ላይ ጠመጠምኩና አንደኛውን ማንደጃ ከነፍሙ ብድግ አደረግሁት። መሐሪ «አንቺ! ያቃጥልሻል!» ይላል፣ ዘይነባ ጮኸች፣ ጋሼ ታደሰ «እኔ ጓደኛዬን ለንፋስ አልሰጥም!» ብለው ሊያቆሙኝ ተነሡ። ተነሡና ጉልበታቸው እጥፍ አለ። ዝርግፍ ብለው ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ያን የሚያህል ሰውዬ! ጉልበታቸውን የሌላ ሰው ጉልበት እንደሆነ ሁሉ ትክ ብለው አዩት።

«ምን ነካኝ?» አሉ ቀስ ብለው። «መነሣት አቃተኝ እኮ።»

ዘይነባ ጋሼ ታደሰን አየች፣ ባሏን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ካርቶኗን ጣለች። ያንን ሁሉ ጋቢና ጆንያ በእግሯ ጠርጋ፣ «ንፋስ ከገደለው እኔ እጠየቅበታለሁ!» ብላ በሩን ከሥሩ ይዛ ሽቅብ ወረወረችው። ላሜራው ጓ! ብሎ ተከፈተ። እኔም ማንደጃውን ከነፍሙ ጎርፉ ላይ ጣልኩት፣ ቸስ! ሁለተኛውን መሐሪ ራሱ አወጣው። ሥራውን ውሃ ውስጥ ለመጣል ስላልሆነለት ግን ደረጃው ላይ አስቀምጦ እርጥብ ጆንያ አለበሰው፣ ዝናብ እንዳይመታው! ምን ትያለሽ?

ከዚያ ጋሼ ከድርን በጋቢው ይዘን ወደ ደጅ ጎተትናቸው። ኧረ ሰው ሲሰበሰብ ብታዪ! «በስመ አብ! ብርድ የመታውን ሰው ወደ ብርድ ያወጡታል?» «ነርሷ አብዳለች!» «ኧረ ክብሪት አሸቱት!» አንዱ ክብሪቱን አውጥቶ ይጭራል፣ ክብሪቱ ርሷል፣ ቂጥ ቂጥ ቂጥ፣ አልበራ ይለዋል።

እና ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ክብሪቱን ወዲያ! በጎናቸው አስተኟቸው! ጋቢው አይነሣ፣ አፍና አፍንጫቸው ግን ይገለጥ! ውሃ እንዳትሰጧቸው፣ ራሱን የማያውቅ ሰው አይውጥም፣ ይታነቃል! ዙሪያውን ልቀቁላቸው፣ አየሩን አትቀሟቸው! ጋሼ ታደሰም ይውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ! ዘይነባ፣ ዣንጥላዎቹን ክፈቺ!»

«ዣንጥላዎቹን?»

«ሁሉንም!»

አየሽ፣ ዝናቡ እንዳይነካቸው፣ አየሩ ደግሞ እንዳይዘጋባቸው። ሰው አንድ አንድ ዣንጥላ ይዞ በላያቸው ቆመላቸው። የሸማ ተራ ሰው፣ ተሸካሚው፣ ሸማቹ፣ አበባ ያለው፣ ቀዩ፣ የቄሱ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ ጣሪያ ሆነላቸው። እንደ ጥምቀት ቀን ነበር የሚመስለው።

በዚህ መሐል ግራ እጄን አንዲት ሴት ያዘችብኝ። መዳፌ በማንደጃው ተልጧል፣ እኔ ልብም አላልኩት። ዞር ብል የጥርስ ሳሙና ጨምቃ ልትቀባኝ ነው።

«እቴ፣ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የምፈልገው!»

«ውሃማ ያቆስለዋል!»

«እኔ ነርስ ነኝ!»

«ነርስ ብትሆኚስ፣ እጅሽ እንደኛ እጅ አይደል? እሺ፣ ቅቤ ላምጣ?»

በመጨረሻ መሐሪ ከጀሪካን እያንቆረቆረ መዳፌን አቀዘቀዘልኝ። ቃጠሎ ሲያገኝሽ ልጄ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ብዙ ደቂቃ፣ እስኪበርድ። የጥርስ ሳሙናውን ለጥርስሽ ተይለት።

ታክሲ አስቆምን። ጋሼ ከድርን አጋደምናቸው፣ ጋሼ ታደሰ እየተንገዳገዱ ገቡ፣ ሁላችንም ገባን። «መስኮቱን ክፈተው፣» አልኩት ሾፌሩን።

«ብርድ የመታው ሰው ይዘሽ?»

«ክፈተው!»

«እህቴ፣ ይሄ መስኮት እኔ ከገዛሁት ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ማን ጠይቆኝ?»

እውነቱን ነው፣ ዝጓል። መርካቶ ውስጥ መስኮት ክፈት ያለ ተሳፋሪ ከየት ይመጣል! ታዲያ መሐሪ ትልቁን በር ገርበብ አድርጎ ይዞ፣ ራሱ ግማሽ ሰውነቱ ውጭ ሆኖ፣ እንዲያ ሆነን ሆስፒታል ደረስን። ጋሼ ታደሰ መንገዱን ሁሉ «አሁን ንፋስ መታን፣ አሁንስ መታን» ሲሉ፣ ንፋሱ እየመታቸው ራስ ምታታቸው ቀለለ። ለምን እንደቀለላቸው ግን ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

ለጋሼ ከድር ኦክስጂን አደረጉላቸው። እኔና ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ሐኪሙ «እናያለን» ብቻ ብሎ ገብቷል። እናያለን የምትል ቃል ከሐኪም አፍ ስትወጣ ምን እንደምትመስል እኔ አውቃለሁ።  እጄ ያቃጥለኛል፣ ግን የሚያቃጥለኝ እሱ አልነበረም። ሳልናገር መቅረትም እችል ነበር፣ ማን ያውቃል? ሁሉም «ሲስተር አዳነችው» እያለ ነው።

«ዘይነባ፣» አልኳት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አሙቋቸው ብቻ ብዬ ሄድኩ። በሩን አትዝጉ፣ ከሰል አታስገቡ አላልኳችሁም።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ታውቂው ነበር?»

«አውቀው ነበር። ሁሉንም።»

«ታዲያ ግማሹን ለማን አስቀመጥሽው?»

ልትጎዳኝ አይደለም እኮ። ስትቆጣ ብሰማት ይሻለኝ ነበር። በእውነት ጠየቀችኝ፣ እንደ ደንበኛ፣ ዕቃው መጋዘን እያለ የለም ተብላ እንደተመለሰች ደንበኛ።  

እሷ ግን ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ፣ ጫፉን በጥርሷ ቀድዳ፣ እጄን አሰረችልኝ። ያልታጠበ ነጠላ በቁስል ላይ! በሥራዬ ዘመን አውቄ ዝም በማለቴ ያልተጸጸትኩት ያንን ብቻ ነው።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠሩን። ጋሼ ከድር ነቅተዋል። ዓይናቸው መጀመሪያ ሚስታቸው ላይ ሄደ፣ ከዚያ እኔ ላይ፣ ከዚያ ጋሼ ታደሰ ላይ። ጋሼ ታደሰ በጭንቀት አንዱን ዣንጥላ እንደተዘረጋ ይዘውት ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ቆመዋል፣ አበባ ያለውን! ጋሼ ከድር እሱን ትክ ብለው አዩና በዚያች በደከመች ድምፅ፣

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ፣» አለች ዘይነባ እንባዋ እየወረደ። «ሁሉንም ከፍቻለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጋሼ ከድር ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። «አልነቃሁም በሉ፣» አሉ።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልንገርሽ! ጋሼ ታደሰ የንፋስ ጠበቃ ሆነው አረፉት። ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር የሚጣሉት መስኮት ክፈቱ በማለት ሆነ። መሐሪ ማንደጃ ሲሸጥ «ይሄ የደጅ ነው፣ ቤት አስገብተሽ በር ብትዘጊበት እኔ የለሁበትም» ሳይል አያስረክብም። ገዢው «ምን ያለ ነጋዴ ነው፣ ዕቃውን ያማል» እያለ ይስቅበታል፣ ይገዛዋልም። እኔም ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ማውራት አላቆምኩም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ያቺ ዘይነባ የራሷን ባል ነፍስ አተረፈች፣ የእኔን ጆሮ ጨረሰች» ይል ነበር።

እና የምልሽ ልጄ፣ የማያውቅ ሰው ዝም ቢል ያምርበታል። አውቆ ግማሹን የሚናገር ግን ባይናገር ይሻለው ነበር። ግማሽ ምክር እንደ ግማሽ ድልድይ ነው፣ ሰውን ከዳር አንሥቶ መሐል ላይ ይጥለዋል። ካፍሽ ካወጣሽው ወዲያ ማዶ አድርሺው። ምነው? ምን ትያለሽ?

«ገባኝ፣» አልኳቸው።

«ይኸው! ‹ገባኝ›! አንዲት ቃል! ይሄን ሁሉ አውርቼ አንዲት ቃል!» ብለው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፤ ሳቃቸው ልጄን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰብኝ።

በዚያው ሳምንት ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ከግቢው ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል የተከራየች አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከመጣች ሁለት ሳምንት አይሞላትም፤ ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። ልጄን አዝዬ ጨርቅ ላስገባ ስወጣ ከሰሏን ደጅ አቀጣጥላ ፍም ሲሆንላት ወደ ቤት ስታስገባውና በሩን ስትዘጋ አየሁ። ትንሽ ቆምኩ። ጨርቁን ሰበሰብኩ። ገባሁ። ተመልሼ ወጣሁና በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ከፊት ካለው ቤት።»

ከፈተችልኝ። «ምነው፣ ደኅና?»

«ማንደጃሽን...» አልኩና ቆምኩ። ትጠብቀኛለች።  ‹ደኅና ነው፣ እንዲያው ነው› ብዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ማንደጃሽን ደጅ እናውጣው፣» አልኳት፤ ከዚያም ለምን እንደሆነ ነገርኳት፤ ጭሱ እንደማይታይ፣ ራስ ምታቱ ከየት እንደሚመጣ፣ እንቅልፍ የሚመስለው ምን እንደሆነ፣ ለብርዱ ምን ብታደርግ እንደሚሻላት። ረጅም ሆነ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተነጫነጨ፤ አላቆምኩም። ስጨርስ ሁለት ጨርቅ አመጣች፤ አንዱን እጀታ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን ማንደጃውን ወደ በረንዳው አወጣነው።